የተጸለየበት ፓስፖርት

ሻንጣ በመመዘን እኔን የሚያህል ሰው ኮሎምበስ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ጉራ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ድምፅ ይሰጠዋል፣ አንዱ የእጅ ሙያ ይሰጠዋል፤ ለእኔ የተሰጠኝ ይኼ ነው። ሞርስ ሮድ አካባቢ ከምንኖረው ሰዎች አንዱ ባሕር ማዶ ሊሄድ ሲል እኔ እጠራለሁ። የመታጠቢያ ቤት ሚዛኔን በብብቴ ሸጉጬ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ብቻዬን እወጣበታለሁ፣ ቀጥሎ ሻንጣውን ታቅፌ እወጣበታለሁ፣ ከዚያ እቀንሳለሁ። በዚህ አገልግሎት የተነሣ የእኔን ክብደት የማያውቅ ሐበሻ በከተማው የለም፤ ስወፍር ከሐኪሜ በፊት የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ እኔና ባለቤቴ ትርሲት ጀርመን ልንሄድ ስንነሣ ታዲያ የሻንጣው ጉዳይ ለእኔ፣ የቀረው ሁሉ ለእሷ ሆነ። የቀረው ሁሉ ስል ቲኬቱ፣ ሆቴሉ፣ ባቡሩ፣ የምናየውና የምንበላው ማለቴ ነው። ትርሲት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ብልቃጥ ላይ የተጻፈ ስም ሦስት ጊዜ ሳታነብ ወደሚቀጥለው የማታልፍ ሴት ናት። ለእኔ ከሻንጣው ሌላ አንዲት ነገር ብቻ ተሰጠችኝ።

"ፓስፖርትህን ቼክ ታደርገዋለህ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ከሳምንት በኋላ፣ "ቼክ አደረግከው?"

"አዎ።"

በዋዜማው ደግሞ፣ "ፓስፖርትህን አይተኸዋል አይደል?"

"አዎ አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ነው የምትጠይቂኝ?" ብዬ ተቆጣሁ። ሰው ሲቆጣ እውነቱን የሚናገር ይመስላል። በርግጥ አይቼዋለሁ። መሳቢያውን ሳብኩት፣ ፓስፖርቱ አለ፣ መሳቢያውን ዘጋሁት። ይኼ ለእኔ ማየት ነበር።

ለምን ጀርመን? ትሉኝ ይሆናል። ትርሲት ያደገችው ናዝሬት ነው። አባቷ የሚሠሩበት መጋዘን አንድ ዓመት ለሠራተኞቹ የግድግዳ ካላንደር አደለ፤ ጀርመን አገር የታተመ፣ ለየወሩ አንድ አንድ ከተማ ያለበት። ኦገስት ላይ ሲደርሱ እናቷ ሥዕሉን መገንጠል አሳዘናቸውና ተዉት። በእነ ትርሲት ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኦገስት ሆነ። ሥዕሉ ጠባብ የድንጋይ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ አሮጌ ቤቶች፣ በየመስኮቱ ቀይ አበባ፤ መንገዱ ጫፉ ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፍና ይጠፋል። ትርሲት በልጅነቷ ኩፍኝ ይዟት ሁለት ሳምንት ስትተኛ ፊት ለፊቷ የነበረው እሱ ነው። ከመታጠፊያው ወዲያ ምን ይኖር ይሆን ስትል ከረመች። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ታደርገዋለች፣ አንድ ቀን ወንዝ፣ አንድ ቀን ደግሞ ብቻዋን ቁጭ ያለች ሙሽራ። ስትድን ሁሉም ሰው ኩፍኙን ረሳው፤ እሷ ግን መታጠፊያውን አልረሳችውም።

ልጃችን ሳሮን ኮሌጅ ናት፤ በአማርኛ ስናወራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። አንድ ቀን ከእናቷ የልጅነት ፎቶ ኋላ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር በስልኳ አጉልታ ፈለገችና "ማም፣ ኢትስ ሃይደልበርግ" አለቻት። ትርሲት ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ለካ መንገዱ ያለበት ከተማ ስም አለው፤ ለካ ባቡር ይሄድበታል። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን እሷ ለራሷ የጠየቀችኝ ነገር ይኼ ብቻ ነው። ከሠርጋችን ማግስት እኔ ሥራ ገብቻለሁ። ጫጉላ የሚባለውን ነገር በሌላ ሰው ቪዲዮ ነው ያየነው።

እንግዲህ መሄዳችን ሲሰማ ዕቃው ይጎርፍ ጀመር። ከእኛ ዘንድ ባዶ እጁን አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው የለም፤ ብትሞክሩት እንኳ አይተዉአችሁም። ከሁሉ የባሰው የእትዬ ወይንሸት ነው። እትዬ ወይንሸት የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ክፍል መሪ ናቸው፤ በሥራቸው አረጋውያንን በየቤታቸው ይንከባከባሉ። ፍራንክፈርት ለምትኖር ሙሉ ለምትባል እህታቸው በገዛ እጃቸው ያሰናዱት ስምንት ፓውንድ በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ሰጡን። የበርበሬው ከረጢት ላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም "የሙሉ" ብለው ጽፈውበታል። "ኤርፖርት ድረስ መጥታ ትቀበላችኋለች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የእኔን በርበሬ አልቀመሰችም" አሉን።

ሻንጣዎቹን አሥራ አንድ ጊዜ መዘንኳቸው። አንዲት ኦቾሎኒ የምታህል ትርፍ አልነበራቸውም።

እሁድ ዕለት ደግሞ ወደ መድረክ ወጣንና ተጸለየልን። ፓስተራችን ነገር በደንብ መሥራት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ "ፓስፖርታችሁን ያዙ" አሉ። ሁለቱንም በመዳፋቸው መካከል አድርገው "በፊታችሁ የተዘጋ በር አይኑር" ሲሉ ሕዝቡ በአሜን አዳራሹን አናወጠው። እትዬ ወይንሸትም መጥተው እጃቸውን ጫኑበት። ያ ፓስፖርት በአንድ ጠዋት ወደ ዐሥር የሚጠጋ እጅ ነክቶታል። የከፈተው ግን አልነበረም።

የከፈተችው ረቡዕ ዕለት የአየር መንገዱ ሠራተኛ ናት። ሳሮን ኤርፖርቱ በር ላይ አውርዳን ሄዳለች። ሠራተኛዋ ከፈተችው፣ አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ የምታሳዝን ፈገግታ ፈገግ አለች። ጀርመን ለመግባት ፓስፖርቱ ከመመለሻችን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ሊቀረው ይገባል፤ የእኔ የቀረው ሁለት ወር ከምናምን ቀን ነው።

"ሻንጣው ግን ልክ ነው አይደል?" አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

"ሻንጣው ልክ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወደ ትርሲት ዞራ፣ "የእርስዎ ችግር የለበትም፤ መሄድ ይችላሉ" አለች።

ያን ጊዜ ትርሲት አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። ቁጣ ቢሆን በቻልኩት ነበር። "አዎ አልከኝ እኮ" አለች በቀስታ። "ሦስት ጊዜ ጠየቅኩህ፤ ሦስት ጊዜ አዎ አልከኝ።"

"ሂጂ" አልኳት። "ሂጂ፣ እኔ ቤት እጠብቅሻለሁ።"

"ብቻዬን ሄጄ ለማን ነው የማሳየው?" ብላ የራሷን ፓስፖርት ከባንኮኒው ላይ አነሣች።

ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምነው የዕረፍት ፈቃድ ይኸው ሳምንት ብቻ ነው፤ ፓስፖርቱም በአንድ ቀን የሚታደስ አይደለም። አርባ ደቂቃ ያህል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ትርሲት፣ "ቤት አልገባም" አለች።

"እንዴ?"

"እንዲያ ተጸልዮልን፣ ተለቅሶልን፣ ተሸኝተን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሞርስ ሮድ ላይ ሽንኩርት ስመርጥ ልታይ? አልገባም!"

ሰው ሲጨነቅ ጭንቅላቱ ይሠራል ይላሉ፤ የእኔ ግን ሲጨነቅ ነው ጨርሶ የሚቆመው። በዚያ ሰዓት ያቀበለኝ ሐሳብ ይኼ ነበር፦ ከመሀል ከተማው ወደ ደቡብ፣ በድሮ ጊዜ ጀርመኖች መጥተው የሠሩት ሰፈር አለ፤ ጀርመን ቪሌጅ ይሉታል። እኛ ሐበሾች በሰሜን ነው የምንኖረው፤ ኢስተን የገበያ ማዕከል ውስጥ እንሠራለን፣ ሞርስ ሮድ ላይ እንገዛለን፣ ደፋር የሆነ ክሊንተንቪል ሰፈር ድረስ ሄዶ ይከራያል። ወደዚያ ሰፈር የሚሄድ ሰው አላውቅም። ሳምንቱን ተደብቀን ብንመለስ ማን ያየናል?

ይኼንኑ ለትርሲት ነገርኳት። መልሷን ሳልጠብቅ በስልኬ መኪና ጠራሁ። የመጀመሪያው ሹፌር ስሙ ዳዊት ሆኖ መጣ፤ ሰረዝኩት። ሁለተኛው ተክሌ፤ ሰረዝኩት። ሦስተኛው ኬቪን ነበር። ኬቪን ሻንጣዎቻችንን ሲያነሣ "ከየት ነው የመጣችሁት?" አለን። "ከዚሁ" አልኩት። ሌላ አልጠየቀንም።

የተከራየናት ክፍል የአንድ የጡብ ቤት ጓሮ ውስጥ ናት፤ የምታየው በወይን ሐረግ የተሸፈነ አጥር ነው። ትርሲት ጫማዋን አውልቃ ተኛች። እኔ የሻንጣዎቹ ጠባቂ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ ጠዋት ስነሣ ሙሉ ስልኬ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች! የፍራንክፈርቷን ሙሉ ጨርሶ ረስተናት ነበር። የድምፅ መልእክት ትታለች። የመጀመሪያው፣ "እንኳን ደኅና መጣችሁ! በሩ ጋ ነኝ፤ ቀይ ኮት ለብሻለሁ፣ አበባ ይዣለሁ።" አምስተኛው፣ "ምናልባት ሌላ በር ይሆን?" የመጨረሻው፣ "አራት ሰዓት ጠበቅኳችሁ፤ ደኅና ሁኑ ብቻ።" 

ደወልኩላት። እውነቱን ልነግራት ነበር፤ እምላለሁ። አፌን ስከፍት ግን፣ "ሙልዬ፣ ሻንጣው ጠፍቶብን ስንሯሯጥ ነው!" የሚል ነገር ወጣ።

"ውይ! እናንተ ብቻ ደኅና ናችሁ?"

"እኛ ደኅና ነን።"

ሻንጣው አልጋው ሥር ሆኖ ያዳምጠኛል።

ሙሉ ለእህቷ ነገረች። እህቷ የጸሎት ክፍል መሪ ናቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለሻንጣችን የጸሎት ጥሪ ወጣ፤ ዛሬ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በስልክ፣ ሁሉም ይግባ። ከጥሪው ሥር፣ "አይዟችሁ! እስቲ ያላችሁበትን ፎቶ ላኩልን" የሚል ከሃያ ሰው መጣ። ሳሮንም ለብቻዋ ጻፈችልኝ፤ "ዳድ፣ ዋይ ኢዝ ዩር ሎኬሽን ኢን ጀርመን ቪሌጅ?" ሎኬሽኑን አጠፋሁት። "ኦ ማይ ጋድ" አለችኝ። ከዚያ የሚስቅ ፊት ዐሥራ አራት ጊዜ።

ፎቶ ፍለጋ ወጣን። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያ ሰፈር ሌላ ነገር ነው። መንገዱ በጡብ የተነጠፈ ነው፤ ሲረገጥ ትንሽ ትንሽ ይነቃነቃል። ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተዋል፤ ብርሃኑ ተቆራርጦ ነው የሚወርደው። ቤቶቹ አጫጭር፣ መስኮቶቻቸው ረጃጅም። ድመቶች በየደረጃው ላይ ተኝተዋል፤ የቸኮለ ሰው አይታይም። ሠላሳ ምናምን ክፍል ያለው አንድ የመጽሐፍ መደብር ገባን፤ ከክፍል ክፍል ስንሄድ አንድ ሰዓት ጠፋን፤ መጨረሻ ላይ የወጣነው ባልገባንበት በር ነው። እኔ ዐሥራ ስምንት ዓመት በዚህ ከተማ ኖሬ ያን ያህል ቀስ ብዬ ሄጄ አላውቅም። ትርሲት ከእኔ ሁለት እርምጃ ቀድማ፣ እጇን በየአጥሩ ላይ እያሳረፈች ትሄዳለች። አታናግረኝም። ግን ኩርፊያዋ እየበረደ መጣ።

አንዱ የብረት አጥር ሥር ፎቶ አነሣኋትና ላክሁት። ግሩፑ በልብ ምልክት ተጥለቀለቀ። "አውሮፓ አውሮፓ ነው!" አለ አንዱ። "አየሩ ራሱ ያስታውቃል!" አለች ሌላዋ። እትዬ ወይንሸት አንድ የተጣመሩ እጆች ምልክት ብቻ ላኩ።

ምሳ ቋሊማ በላን። መጀመሪያ አስተናጋጇን የአሳማ ያልሆነ እንዳለ ጠየቅናት። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ሁሉ ነገር ተፈቅዶልናል፤ ሆዳችን ግን ትምህርቱን ገና አልጨረሰም። የበሬ አመጣችልን፤ የክንዴን ግማሽ የሚያህል። ቀመስነው። ምንም አይልም። ግማሹን አስጠቅልለን ወደ ክፍላችን ተመለስን። ትርሲት ቋሊማውን አየችው፣ አልጋው ሥር አየች፤ ከዚያ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

"አንድ ማንኪያ" አለች።

"የእትዬ ወይንሸትን?"

"አንድ ማንኪያ ብቻ።"

"አንድ ማንኪያ ሚዛን ላይ እንኳ አይታይም" አልኳት። በሙያዬ ነው የተናገርኩት።

እናንተዬ፣ ያ በርበሬ! የጀርመን ቋሊማ ለምን እንደተፈጠረ የገባኝ ያኔ ነው። ለእራት አንድ ማንኪያ። በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ ከድንች ጋር፣ ሁለት ማንኪያ። ዳቦ ቆሎውንም ከፈትነው፤ ለመንገድ።

ያን ሐሙስ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለጸሎቱ ደወልን። ጀርመን እኩለ ሌሊት ነው፤ ስለዚህ የእንቅልፍ ድምፅ እንዲኖረኝ ትራስ ላይ ተጋድሜ ነው የማወራው። ፀሐይዋ በመስኮት ፊቴ ላይ ናት።

"እዚያ ስንት ሰዓት ነው፣ ወንድሜ?" አሉ ፓስተራችን።

"ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት" አልኩ እያዛጋሁ።

ይኼን ተናግሬ ሳልጨርስ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይጮህ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስልኩን በትራስ ላፍነው ስሞክር ወደቀብኝ። ስድስት ጊዜ ደወለና ዝም አለ። 

"የሚገርም ነው" አለ መስመሩ ላይ አንድ ድምፅ። "ጀርመኖችም ሰዓት እንደ እኛ ነው እንዴ የሚቆጥሩት?"

ትርሲት ፊቷን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ታልቅስ ትሳቅ አላውቅም። ከዚያ እትዬ ወይንሸት መጸለይ ጀመሩ፤ ረጅም ጸሎት ነበር። "የደከማቸውን አሳርፍ፣ የተኳረፉትን አስታርቅ፣ የራቁትን በሰላም መልስ" አሉ። ስለ ሻንጣው አንድም ቃል አልተነፈሱም። በጊዜው ሳያስቡት ዘለሉት ብዬ ነበር።

አርብ ከሰዓት በኋላ ስንሄድ ስንሄድ ትርሲት በድንገት ቆመች። ጠባብ የጡብ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ አሮጌ ቤቶች፣ በአንዱ መስኮት ቀይ አበባ፤ መንገዱ ጫፉ ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ነፋስ አልነበረም። አንድ ሰው ሩቅ ቦታ ፒያኖ ይለማመዳል፤ ያችኑ አንዲት መስመር እየደጋገመ።

"ኦገስት" አለች።

ዐይኗን ጨፈነች። ክንዴን ያዘችው። "ሂድ፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን አይተህ ንገረኝ።"

"አብረን እንሂድ እንጂ።"

"አይ፤ አንተ ሂድ። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።"

ሮጥኩ። ዳቦ ቤት፣ ወንዝ፣ ሙሽራ... አንዱ እንዲኖር እየለመንኩ ታጠፍኩ። ያየሁት ሁለት የቆሻሻ በርሜልና አንድ ወፍራም ብርቱካናማ ድመት ነው። ድመቱ አየኝ፤ አየሁት። ስመለስ መንገድ ላይ አንዲት ጥሩ ፏፏቴ በሐሳቤ ሠርቼ ጨርሼ ነበር፤ ዙሪያዋ አበባ፣ ውኃዋ ኩልል የሚል። ደረስኩ። ዐይኗን እንደጨፈነች ናት፤ የሰባት ዓመት ልጅ መስላለች። እኔ ደግሞ ሦስት ጊዜ አዎ ያልኳት ሰው ነኝ።

"የቆሻሻ በርሜልና ድመት" አልኳት።

ዐይኗን ከፈተች። አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ጀርባዋን ለሰው አጥር ሰጥታ ሳቀች፤ "አርባ ዓመት! ለድመት!" እያለች እንባዋ እስኪወርድ ድረስ ሳቀች። ዐሥራ ስምንት ዓመት በሥራ ተሯሩጠን እንዲህ ስትስቅ የሰማሁት ጊዜ ካለ ረስቼዋለሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ይቅር በይኝ" አልኳት፤ "አላየሁትም ነበር፤ ፓስፖርቱን አልከፈትኩትም።" "አውቃለሁ" አለችኝ። ፒያኖ የሚለማመደው ሰው ያችን መስመር በመጨረሻ አለፋት።

ቅዳሜ መናፈሻው ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ የነሐስ ሐውልት ሥር ተቀመጥን። ሐይቋ ላይ ዳክዬዎች አሉ። የሕፃን ራስ የሚያህል በክሬም የተሞላ ኬክ ገዝተናል፤ ለሁለት ተሸክመነው ነው የመጣነው። ከኬኩ በፊት ቋሊማው ይበላ ተባለ። በርበሬው ከነከረጢቱ ጭናችን መካከል ነው፤ ማንኪያ መቁጠሩን ከትናንት ጀምሮ ትተነዋል። ትርሲት ራሷን ትከሻዬ ላይ አሳርፋለች፤ እኔ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነኝ። ከኋላችን የጎማ ድምፅ መጣና ቆመ። አንድ እጅ በትከሻዬ ላይ ተዘርግቶ ከከረጢቱ ቆንጠር አደረገ።

"ይኼ የእኔ ነው" አለ ድምፁ።

እትዬ ወይንሸት ናቸው። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ የዘጠና ዓመት አሮጊት ይዘዋል፤ ደንበኛቸው ሚስ ክላራ። ለመነሣት ስሞክር ኬኩ ላይ ተቀመጥኩበት።

"እትዬ... እርስዎ... እዚህ?"

"ስድስት ዓመቴ ነው እዚህ ሰፈር ስሠራ።"

ይኸውላችሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንዘምር፣ የት ነው የሚሠሩት ብለን ጠይቀናቸው አናውቅም።

"ሐሙስ ፎቶውን ሳየው ነው ያወቅኩት" አሉ። "እዚያ አጥር ሥር በየቀኑ ነው የሚስ ክላራን ወንበር የማቆመው። ትናንትም አይቻችኋለሁ፤ አንተ ስትሮጥ፣ እሷ ዐይኗን ጨፍና ቆማ። ልጠራችሁ አልኩና ተውኩት።"

"ለምን?" አለች ትርሲት በጭንቅ።

"አንቺ ስትስቂ አይቼ አላውቅማ! ስድስት ዓመት ሙሉ ተጨንቀሽ ነው የማውቅሽ።"

ትርሲት ተነሥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ክሬሙ ከሱሪዬ ላይ እየተንጠባጠበ ቆሜያለሁ። ሚስ ክላራ ሁላችንንም ሲያዩ ቆይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። እትዬ ወይንሸት በአጭሩ ነገሯቸው፤ ጀርመን ሊሄዱ ነበር፣ አልሆነላቸውም። አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ዛፎቹ ወዘወዙ። አያታቸው ጀርመንኛ ብቻ ይናገሩ ነበር አሉን፤ እሳቸው እዚሁ ተወልደው እዚሁ አረጁ፤ አንድ ቀን እሄዳለሁ ሲሉ ቆይተው አልሄዱም። "እናንተ ሂዱ" አሉን፤ "አንድ ቀን እያላችሁ አትቀመጡ።" ከዚያ ቋሊማ አማራቸው። እትዬ ወይንሸት በገዛ በርበሬያቸው ነስንሰው ሰጧቸው። አሮጊቷ ፊታቸው ቀላ፣ አሳላቸው፣ ጨመሩ።

"እኔ ለማንም አልናገርም" አሉ እትዬ ወይንሸት ሲሄዱ። "ነገ እሁድ ነው። ራሳችሁ ትናገራላችሁ። ለሙሉም ራስህ ትደውላለህ።"

ሙሉ ጋ ደወልኩ። እውነቱን ሁሉ ነገርኳት። "አበባው እስካሁን አልደረቀም" አለችኝ። "ሲደርቅ ፎቶ እልክልሃለሁ፤ እየው።" ከዚህ የከፋ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም።

እሁድ በምስክርነት ሰዓት ሁለታችንም ወጣን። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ከጀርመን በዚህ ፍጥነት! ማይኩን ያዝኩና ሁሉንም ተናገርኩ፤ መሳቢያውን፣ ሦስቱን አዎ፣ ሻንጣውን፣ ደወሉን፣ ትራሱን። በርበሬው ላይ ስደርስ ወደ ትርሲት ዞርኩ። ትርሲት ማይኩን ተቀበለችኝ። "ባሌ ዋሽቶኛል፤ እኔም አብሬው እናንተን ዋሽቻለሁ" አለች። "ይቅርታ አድርጉልን። ግን አንድ ነገር ልመስክር። አራት ቀን ሙሉ አብሮኝ በእግሩ ሄደ። ከተጋባን እንዲህ ስንሄድ ይኼ የመጀመሪያችን ነው።" ከኋላ አንድ ሰው፣ "ታዲያ ጀርመኖች ሰዓት እንደ እኛ አይቆጥሩም ማለት ነው?" አለና ሁሉም በሳቅ ፈነዳ።

ያለፈው እሁድ እንደገና መድረክ ላይ ወጣን። የፊታችን ረቡዕ እንሄዳለን፤ ሃይደልበርግ። ሻንጣውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመዘንኩት። እትዬ ወይንሸት አዲስ በርበሬ ሰጥተውናል፤ ከረጢቱ በፕላስተር ዙሪያውን ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ ኳስ ሆኗል። ፓስተራችን እጃቸውን ዘረጉ፤ አዲሱን ፓስፖርቴን ሰጠኋቸው። ዐይናቸውን ሊጨፍኑ ሲሉ ቆም አሉ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ፤ ፓስፖርቱን ከፈቱት፤ የሚያበቃበትን ቀን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለጉባኤው አነበቡ።

"አሜን!" አለ ሕዝቡ።

ጸሎቱ ሲጀመር ትርሲት እጄን ያዘችና በጆሮዬ፣ "ስንደርስ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ እቆማለሁ፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ቀድመህ የምታየው አንተ ነህ" አለችኝ። "ድመት ከሆነም ድመት በለኝ።"